ፊቱን ያዞረው ድንጋይ

አሻግሬ ሁለት ጊዜ አገር መሥርቷል። ሁለቱንም ጊዜ ድንጋዩን የተሸከምነው እኛ ስለሆንን፣ ነገሩን ባወራው «አንተን ምን አገባህ» የሚለኝ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ ዘይኑልአቢዲን እባላለሁ፤ ሐይቅ ከተማ፣ መኪና መንገዱ ዳር ልብስ ሰፊ ነኝ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ አብቅቷል። ከድንጋይ ጠራቢው ከአያ ወልዴ ጋር በአንድ ግድግዳ ነው የምንኖረው፤ እሱ ሲያስል እኔ እነቃለሁ።

የመጀመሪያው ምሥረታ በአርባ ስምንት ዓ.ም. ነበር። ንጉሡ ዘውድ የጫኑበት ሃያ አምስተኛ ዓመት ይከበር ተባለ፤ በየከተማው የሚችል ሐውልት ያቁም ተባለ። አሻግሬ ያኔ ጸሐፊ ነበር፤ ጠጉሩን በቅባት ለሁለት የከፈለ፣ የደረት ኪሱ ላይ ሁለት ብዕር የሰካ ጎረምሳ። አንዱ ብዕር ይጽፋል፣ ሌላው ለማማር ነው። ሐውልቱ ላይ የሚቀረጸውን ቃል ያወጣው እሱ ነው፤ «አገራችን ኢትዮጵያ በክርስቶስ ዓለት ላይ ታነጸች።» ከበላዩ መስቀል።

ዓለቱ ግን ከሰማይ አልወረደም። ከአምባሰል ተራራ ግርጌ ተፈልጦ በሠላሳ ሰው ጉልበት ነው የመጣው። ከሠላሳው አሥራ ዘጠኙ እስላም ነበሩ፤ አባቴ እንድሪስ አንዱ ነበር። አባቴ እስኪሞት ድረስ እየሳቀ ይተርከው ነበር። ዳገቱ መሐል ላይ ገመዱን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ቆም ብሎ፣ «ጌታው» አለው አሻግሬን፤ «አገሪቱ በክርስቶስ ላይ ከቆመች፣ እኛ የት ላይ ነው የቆምነው?»

አሻግሬ ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ «እናንተማ ገመዱን ያዙ» አለው።

አባቴ በዚህ ይስቅ ነበር። እኔ አልስቅም። ከእስጢፋኖስ ገዳም ጋር ምንም ጠብ የለኝም፤ መነኮሳቱ ሐይቁ ዳር ከኛ ቀድመው ነው ያሉት፣ እናቴ ስታምጥ ጠበላቸውን ጠጥታለች። አያ ወልዴም መስቀሉን የቀረጸው እየጾመ ነው። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ መሮውን ባነሳበት ቀን ሁሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም። ሠላሳ ዓመት ጎረቤቱ ሆኜ ክርስቶስን አደባባይ ላይ ሲፈልገው አይቼ አላውቅም። አሻግሬ ግን ከአደባባይ ሌላ ቦታ ሲፈልገው አይቼ አላውቅም። ቅዳሴ የሚሄደው ወረዳ ገዢው በሚሄድበት እሑድ ነው።

በስድሳ ሰባት ለውጥ መጣ፤ አሻግሬ ከሁላችንም ቀድሞ ለውጥ ሆነ። ያንኑ ሐውልት ገመድ አስገብቶ ሲያስጎትት እኔም ጎታች ነበርኩ፤ የቀበሌ ጥሪ ነው፣ አልቀርም። «የነገሥታትና የካህናት ተረት ዛሬ ተገረሰሰ!» አለ። ከጎኔ የቆመ አንድ ገበሬ፣ «ተረቱን የጻፈው ማን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ዝም በል አልኩት። ድንጋዩ በፊቱ ተደፋ እንጂ አልተሰበረም። አሻግሬ የቀበሌው ሊቀመንበር ሆነ፤ ድንጋዩ ደግሞ ፊቱን ወደ መሬት እንዳደረገ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደረጃ ሆነ።

አሥር ዓመት እንደዚያ ተቀመጠ። ክርስቲያኖቹ ግን አልረገጡትም። ደረጃው ጋ ሲደርሱ እግራቸውን አንስተው ተሻግረው ይገባሉ፤ አሮጊቶቹ እንኳ ነጠላቸውን ሰብስበው፣ በሰው ትከሻ ተደግፈው ይሻገሩታል። ጎረቤት ያልረገጠውን እኛ ምን ቆርጦን እንረግጣለን፤ እኛም ተሻገርን። እንግዳ ሰው ቢያየን አጥር የሚዘል የፍየል መንጋ እንመስላለን። አንድ አሻግሬ ብቻ ነበር የሚረግጠው፤ ክረምት ክረምት ጭቃውንም ይጠርግበታል።

ሰባ ሰባት ገባ። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሐውልት ይቁም ተብሎ አሥራ አምስት ከረጢት ሲሚንቶ ተላከ። ከአሥራ አምስቱ አምስቱ የአሻግሬ ሳሎን ወለል ሆነ፤ ገብቼ አይቼዋለሁ፣ መስታወት ነው የሚመስለው። በተረፈው ደግሞ ቢበዛ ለሐውልት መቀመጫ የሚሆን እንጂ ሐውልት አይወጣም። መስከረም ሁለት አለፈ፤ ሐውልቱ የለም። ከደሴ ተቆጡ፤ እስከ ኅዳር መጨረሻ ካልቆመ ሊቀመንበሩን እናነሳለን አሉ።

የዚያን ጊዜ መንገዱ ዳር ምን እንደነበር ለወሎ ሰው አልነግርም። ከሰሜን የሚመጣው ረሃብተኛ ሱቄ በር ላይ እስከ ማለዳ ይቀመጣል፤ ማለዳ አንዳንዱ አይነሳም። ከነዚያ መሐልና ከኛም መሐል ወደ ወለጋ ለሰፈራ የሚሄድ ሰው ይመዝገብ ተብሎ ነበር። «ፈቃደኛ» የሚል ርዕስ ያለው ዝርዝር አሻግሬ ኪስ ውስጥ ነው።

አንድ ማለዳ አሻግሬ ደረጃውን አስፈንቅሎ አያ ወልዴን አስጠራ። እኔም ለሐውልቱ መሸፈኛ ቀይ ጨርቅ ልለካ ተጠርቼ እዚያው ነበርኩ። ድንጋዩን ገለበጡት። መስቀሉ ምንም አልሆነም፤ መሬት ያስቀመጠችው ይመስል ነበር።

«ጓድ ወልዴ፣ መስቀሉንም ጽሑፉንም ፋቀው» አለ አሻግሬ። «ኮከብ አውጣበት። ከኮከቡ ሥር ችቦ። ከችቦው ሥር ‹አብዮቱ የአዲሲቷ ኢትዮጵያ መሠረት ነው› በል።»

«ኮከቡን አወጣለሁ ጓድ ሊቀመንበር። ችቦውንም አወጣለሁ። ይኸን ግን አልፍቅም።»

«ለምን?»

«በእጄ ነው ያወጣሁት።»

«በእጅህ ነዋ! ያወጣው እጅ ይፋቀዋ!»

«ስም ተጠርቶበታል።»

«ማን ነው የጠራው?»

«እርስዎ ነዎት» አለ አያ ወልዴ። «ወረቀቱን ያነበቡልን እርስዎ ነዎት።»

ድንጋይ የፈነቀሉት ሰዎች ሁሉ ባንድ ጊዜ ሳል ያዛቸው። አሻግሬ አልተቆጣም፤ ሲቆጣ አይደለም የሚፈራው። ዝርዝሩን ከኪሱ አወጣና አጠገቡ ያለ መቀመጫ ላይ ዘረጋው።

«ሃያ አራት አባወራ ተጠይቄአለሁ፤ ሃያ ሦስት ሞልቻለሁ» አለ። ከዚያ ጻፈ። ሲጽፍ ሁላችንም እናያለን። «ሃያ አራተኛው አንተ ነህ። ኮከቡ ከወጣ ስምህ ይሰረዛል። ካልወጣ ግን አንተና የሺሀረግ በአውቶቡሱ ትሄዳላችሁ። እዚያም ድንጋይ አለ ይባላል።»

በማግሥቱ የሺሀረግ፣ የአያ ወልዴ ሚስት፣ ሱቄ መጣች። የአንድ መምህር ኮት ፈትቼ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ነበር።

«አያ ዘይኑ፣ ምከርልኝ» አለች።

«ምን ልበለው? ፋቀው ልበለው?»

«እሱንማ አትበለው፤ እግዜር ያያል።» ተቀመጠች። «ግን ሦስት ልጆቼ ማርያም ቅጥር ውስጥ ናቸው። ሰኔ በመጣ ቁጥር የመቃብራቸውን ሣር የምነቅልላቸው እኔ ነኝ። ወለጋ ሄጄ የማንን ሣር ልነቅል ነው? እሱን ሂድ፣ እኔን ቅሪ ቢሉኝም አልችል፤ ያለኔ ሽሮ እንኳ ማማሰል አያውቅም።»

አለቀሰች ብዬ አልዋሽም። የኮቱን እጅጌ አንስታ ታገላብጠው ጀመር፤ እጇ ሥራ መፍታት አይችልም። «ይኸ ምነው ተበጣጠሰ?»

«አልተበጣጠሰም፤ ላገለብጠው ነው። ውጭው ነትቧል፣ ውስጡ ግን ገና አዲስ ነው። ፈትቼ ውስጡን ወደ ውጭ አድርጌ እሰፋዋለሁ። ሰውየው በዚህ ኮት ገና አምስት ዓመት ያስተምራል።»

የሺሀረግ እጅጌውን ገልብጣ ውስጡን አየችው። ከዚያ ሁለታችንም ባንድ ጊዜ ወደ ግድግዳው፣ አያ ወልዴ ወደሚያስልበት ዞርን።

«የድንጋዩ ጀርባ ሻካራ ነው» አለ አያ ወልዴ፣ ኮከቡን በጀርባው አውጣው ስንለው። «ከተራራው የተፈለጠበት በኩል ነው እኮ።»

«እሱ ያንተ ሥራ ነው፤ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ» አልኩት።

አሻግሬ ነገሩን ሲሰማ ትንሽ አጉረመረመ፤ ግን ቀኑ ደርሶበታል። ኮከቡ በጀርባው ይውጣ፣ የፊተኛው ፊት ደግሞ በኖራ ተለስኖ ይጥፋ አለ። «ጭረት እንኳ እንዳይታየኝ!» አያ ወልዴ ኮከቡን አወጣ። እውነቱን ለመናገር ያማረ ኮከብ ነበር፤ ለማያምኑበት ነገር እንኳ ሥራ ማበላሸት የማይችሉ ሰዎች አሉ። ድንጋዩ ሲቆም ኮከቡ ወደ መኪናው መንገድ፣ መስቀሉ ወደ ሐይቁ፣ ወደ ምሥራቅ ዞረ። ልስኑን ከመጀመሩ በፊት አያ ወልዴ ወደ ሱቄ መጥቶ፣ «ትንሽ አቡጀዲ ስጠኝ» አለኝ።

«ለምን?»

«ኖራ ይበላዋል። ላልብሰው።»

ስንት ክንድ እንደሚሆን ሳልጠይቅ ቀድጄ ሰጠሁት። መስቀሉን በአቡጀዲ አልብሶ በላዩ ለሰነው። ይኸን ያየነው አራት ሰዎች ነን። በሦስተኛው ቀን የማያውቅ ሰው ከተማው ውስጥ የቀረ ቢኖር አሻግሬ ብቻ ነው።

የምረቃው ቀን ኅዳር ሃያ ስምንት ሆነ። ከደሴ የመጣው እንግዳ ካኪ የለበሰ፣ ወፍራም፣ እንቅልፍ ያነሰው ጓድ ነበር። የክብር መቀመጫው በኮከቡ በኩል፣ በዳስ ሥር ተዘጋጀ። ሕዝቡ ከጠዋት ጀምሮ መጣ፤ ያልመጣ ስኳር የማግኛ ካርዱን ይነጠቃል ተብሏል። ሕዝቡ መጥቶ ግን የቆመው ሌላ በኩል ነው።

ማንም እዚያ ቁሙ አላለም። መጀመሪያ የመጡት ባልቴቶች ነበሩ፤ እማማ ጸዳለ ከፊት። ልስኑን ሲያዩ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ፣ እዚያው ቆሙ። ከኋላ የመጡት ከነሱ ኋላ ቆሙ። የኛ ሰዎች ደግሞ ለቅሶ ቢሆን ሠርግ፣ ጎረቤት በቆመበት መቆም ልማዳቸው ነው። እንግዳው ከነአሻግሬ ሲደርስ ዳሱ ፊት ያለው ሜዳ ባዶ ነው፤ አንድ ውሻ ብቻ ኮከቡን የሸፈነውን ቀይ ጨርቅ ታያለች። ከሐውልቱ ጀርባ ግን ሁለት ሺህ ሰው ባዶ ልስን ላይ አፍጥጦ፣ ቤተ ክርስቲያን የገባ ያህል ጸጥ ብሏል።

«ሕዝቡ ለምንድን ነው ከኋላ የቆመው?» አለ እንግዳው።

«ጥላ ፈልጎ ነው ጓድ» አለ አሻግሬ።

ፀሐይዋ በምሥራቅ ነበረች። ጥላው ያረፈው ዳሱ ላይ ነው። እንግዳው ወደ ሰማይ አየ፣ ወደ አሻግሬ አየ። አሻግሬ ላቡ አንገቱ ላይ ወረደ፤ የድምፅ ማጉያውን ነጥቆ፣ «ጓዶች! ዞራችሁ ወደ ፊት ኑ! ዙሩ!» ብሎ ጮኸ።

እንግዲህ የኛን አገር ሰው የሚያውቅ ሰው እንደ ታቦት ልብስ ለብሶ የቆመ ነገር ፊት «ዙሩ» አይልም። እማማ ጸዳለ ዓይኗ በደንብ አያይም፤ ሰማንያ ጥምቀት ያየች ሴት ናት። ዙሩ ሲባል የሚዞረው አንድ ነገር ነው፤ በቀኝ በኩል ጀመረች። ሌሎቹ ተከተሉ። ዳሱ ፊት ሲደርሱ መቆም ነበረባቸው፤ ግን ከኋላ ሁለት ሺህ ሰው እየመጣ ነው፣ የፊተኛው ቆሜ እቀራለሁ ቢል ይረገጣል። አለፉ። አንዷ እልል አለች። እልልታ ሲሰማ ዝም የሚል የወሎ ሴት የለችም፤ የኔዋ ፈዲላ ሳትቀር አቀለጠችው። ሁለተኛውን ዙር የኛ ጎረምሶች በጭብጨባ ገቡበት። አንዱ «ሰላም ለኪ» የሚመስል ነገር ጀምሮ ሰዎች አፉን ያዙት። እኔ? እኔማ በቀኝ እጄ መቀሴን፣ በግራዬ የቀይ ጨርቁን ገመድ ይዤ፣ እሱን ሳልለቅ አብሬ እዞራለሁ፤ ጨርቁ በዚያው ተፈታ፤ ኮከቡ ተገለጠ፤ ማንም አላየውም።

እንግዳው ከመቀመጫው ተነሳ። አሁን ጉዳችን ፈላ አልኩ። አያ ወልዴን ፈለግሁት፤ ከየሺሀረግ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ይዞራሉ፣ ሠላሳ ዓመት እጅ ለእጅ ሲያያዙ አይቻቸው አላውቅም። እንግዳው ግን ፊቱ በራ።

«ይህ ነው እንግዲህ!» አለ። «በየወረዳው ሐውልት መርቄአለሁ፤ ሕዝቡ ቆሞ ያዛጋል። እንዲህ ያለ የሕዝብ ስሜት ግን አላየሁም!» ብሎ እያጨበጨበ ሰልፉ ውስጥ ገባ። ሊቀመንበር እንግዳውን ትቶ ሊቆም አይችል፤ አሻግሬም ገባ። ሦስተኛውን ዙር በሙሉ፣ ገመድ አስገብቶ የጣለውን መስቀል በግራው እያደረገ፣ ካኪ ለባሹን ተከትሎ ዞረ። ፊቱን አይቼዋለሁ። ነገሩ የገባው በልስኑ በኩል ሲያልፍ ነው፤ ሰው ሁሉ ራሱን ዝቅ ሲያደርግ ብቻውን ቀጥ ብሎ መታየት ፈራና እሱም ዝቅ አደረገ። ቅዳሴ ገዢውን ተከትሎ የሚሄድ ሰው አላልኳችሁም?

እንግዳው ድምፅ ማጉያውን ያዘ። «ሕዝብን እንዲህ አስተባብሮ የሚያንቀሳቅስ መሪ ያስፈልገናል» አለ። አሻግሬ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ፤ ደሴ ቢሮ ውስጥ ራሱን እያየ መሆኑን ጀርባውን እንኳ የሚያይ ሰው ያውቅበታል። «ስለዚህ» አለ እንግዳው፣ «ጓድ አሻግሬ የሰፈራ ወገኖቻችንን መርተው ወደ ወለጋ እንዲወርዱ በዚሁ መድረክ መድበናቸዋል!»

እልልታው ያን ጊዜ ከሁሉ በላይ ቀለጠ። ይኸኛውን ማንም አላዘዘውም።

አያ ወልዴ ግን ከዝርዝሩ አልወጣም። አሻግሬ ስሙን ይሰርዘው ነበር ብዬ አላምንም፤ አሁን ደግሞ ጨርሶ አልሰርዝም አለ። «እዚያ ግንበኛ ያስፈልገኛል» አለ። ብቻውን መሄድ ፈርቶ ነው። ወባው፣ ጫካው፣ የማያውቀው ሰው፤ ለሰው «ተስፋይቱ ምድር» ብሎ ሲሰብክላት የነበረችውን ምድር ስሟን ሲሰማ ወሬ ይለውጥ ጀመር።

የሺሀረግና እኔ ሰላሀዲን ጋ ሄድን። ሰላሀዲን የአሻግሬ ምክትል ነበር፤ ዝምተኛ ነጋዴ፣ አሁን የቀበሌው ማኅተም በእጁ ሊገባ ነው። ስንነግረው ሻዩን ጨርሶ አስቀመጠ።

«ሐውልቱ የመንግሥት ንብረት ነው?» አለ።

«ነው።»

«እንግዳው በየዓመቱ ይለሰን ብሏል?»

«አላለም» አልኩ።

«ብሏል» አለች የሺሀረግ።

«ወላሂ እኔም የሰማሁ መሰለኝ» አለ ሰላሀዲን። ወረቀት አወጣ። ‹የሐውልቱ ጠባቂና ጠጋኝ› ብሎ የአያ ወልዴን ስም ጻፈ፤ ጠባቂው ከሥፍራው ቢነሣ ተጠያቂው የሚያነሣው ሰው እንደሚሆን ጨመረበት፤ ማኅተሙን አርብ ከአሻግሬ ተረክቦ ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ ያሳረፈው በዚያ ወረቀት ላይ ነው። የሺሀረግ ማንበብ አትችልም። ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ፤ ወደ ማርያም ቅጥርም ይዛው ሄደች። ለማን እንዳሳየችው አልጠየቅኳትም።

አውቶቡሶቹ የቆሙት እሑድ ረፋድ ላይ ነው። ሃያ ሦስቱ አባወራ ከነልጆቻቸውና ከነድስታቸው ተሳፈሩ፤ ለነሱ የሚሆን ቀልድ የለኝም። አሻግሬ የመጀመሪያው አውቶቡስ በር ላይ ቆሞ ነበር። ወረቀቱን አይቷል፤ አያ ወልዴን በማኅተም እንደተነጠቀ ያውቃል። ልንሰናበት ሳይሆን ላለመቅረት ነው የሄድነው። የሚያስፈራራን መስሎኝ ነበር። እሱ ግን አያ ወልዴን እጁን ይዞ ወደ ጎን ወሰደው፤ እኔም ተከተልኩ።

«ወልዴ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ» አለ። ድምፁ ሌላ ነበር። «ሐውልቱ ላይ ስሜን ጻፍልኝ። ‹ያሠራው አሻግሬ› በል። ሌላ አልፈልግም። ከሄድኩ በኋላ ማን እንደነበርኩ የሚያውቅ አይኖርም።»

አያ ወልዴ ትንሽ አሰበ። ያሾፈ አይምሰላችሁ፤ የሚጠይቀው እንደ ባለሙያ ነው።

«በየትኛው በኩል ልጻፈው?» አለ።

አሻግሬ አፉን ከፈተ። ወደ ሐውልቱ አየ፤ ከዚያ ሆኖ የሁለቱም ፊት ጠርዝ ይታያል። በኮከቡ በኩል ሊል ነበር፤ ከንፈሩ ጀምሮት ነበር፤ ግን ቆም አለ። ነገ የሚመጣው ማን እንደሚሆን፣ ገመድ ይዞ የትኛውን ፊት ለማፍረስ እንደሚመጣ ያሰላ ጀመር። ይኸን ሒሳብ ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ ተሳስቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ዛሬ ግን አልወጣለትም። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። የቀበሌው ጠባቂ ክንዱን ይዞ አሳፈረው።

አውቶቡሱ ተነቃንቆ ጥቂት እንደሄደ ራሱን በመስኮት አወጣና ከአቧራው መሐል ጮኸ፤

«በሁለቱም! በሁለቱም በኩል!»

«ምን አለ?» አለኝ አያ ወልዴ። ጆሮው በመዶሻ ደክሟል።

«እኔ እንጃ» አልኩት። «አልሰማሁትም።»